የተፋቀች ቁጥር

ከስህተት ነፃ የሆነ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ስህተቱን በሰው ፊት ለማሳየት የሚደፍር ጥቂት ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እኔ ይህን ያወቅሁት ከሽማግሌ ምክር ወይም ከግብረ ገብ መጽሐፍ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ትምህርት ስማር ከአንዲት የመስታወት ቧንቧ ነው። ያፈርሁበትን ነገር ሳልሸሽግ እነግርሃለሁ።

ጊዜው 1972 ዓ.ም. ነበር። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስወጣ የንጥረ ነገሮችን ስምና ምልክት ከሃይድሮጅን ጀምሬ አንበለብል ነበር። አባቴ ለመንገድና ለልብስ ብለው አንዲት ጊደር ሸጠው ነበርና፥ ወድቆ ወደ አገር ቤት መመለስ ለእኔ ከሞት የሚቆጠር ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ቤተ ሙከራው በገባሁ ጊዜ የያዝሁት ሁሉ ስም ብቻ እንደ ነበረ ተረዳሁ። ኬሚስትሪ መመዘን ነውና። ንጥረ ነገሮች በዘፈቀደ አይዋሐዱም፤ 2 ግራም ሃይድሮጅን ውኃ ለመሆን 16 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ ከዚያ የበለጠው ሳይዋሐድ ይቀራል። የውኃውም ክብደት የሁለቱ ድምር ነው፤ አንዳች አይጠፋም።

አንድ ቀን መምህራችን ለእያንዳንዳችን ጥንካሬው ያልታወቀ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አደሉንና ልኩን ፈልጉ አሉን። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከአሲዱ 25 ሚሊሊትር በፒፔት ተለክቶ ወደ ብልቃጥ ይገባል፤ ፊኖልፍታሊን የሚባል ጠቋሚ ሁለት ጠብታ ይጨመርበታል፤ ከዚያም በውኃ የተሟሟ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከቢዩሬት በጠብታ በጠብታ ይወርድበታል። አሲዱ እስካለ ድረስ ፈሳሹ ቀለም የለውም፤ አሲዱ ሲያልቅ ግን አንዲት ጠብታ ሁሉን ፈዛዛ ሮዝ ታደርገዋለች።

አስቀድሞ ግን ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ራሱን መፈተን ይገባ ነበር። ይህ ነገር ከአየር ላይ እርጥበትንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይስባልና፥ በሚዛን ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ የራሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በማይለዋወጥ ንጹሕ ነገር፥ ይኸውም ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት በሚባል ጨው፥ ልኩ ይረጋገጣል። እኔ ግን በጠርሙሱ ላይ «0.1 ሞላር» የሚል ጽሑፍ አየሁና፥ ምን አደከመኝ ብዬ ዘለልሁት።

በመጀመሪያው 24.6 ሚሊሊትር ወረደ። በሁለተኛው ሐሳቤ ወደ ሌላ ሄዶ ቧንቧውን ሳልዘጋ ቀለሙ ደመቀ፤ 25.4 ሆነ። ሦስተኛው 24.7 ነበር። ደንቡ፥ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም የሚል ነው። እኔ ግን ማርክ እንዳይቀነስብኝ ፈርቼ ከኪሴ ምላጭ አወጣሁ፤ 25.4ን ፋቅሁና በቦታው 24.6 ጻፍሁ። ሦስቱ ቁጥሮች እንደ ወንድማማች ተስማሙ። የአሲዱም ልክ 0.0985 ሞላር ነው ብዬ አስረከብሁና ደስ ብሎኝ አደርሁ።

በማግሥቱ መምህራችን አስጠሩኝ። ደብተሬን ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን ተመለከቱት፤ የተፋቀው ስፍራ ሳስቶ ነበር።

«የአንተ አሲድ ልኩ 0.091 ነው» አሉኝ። «ሦስት ምስክር አቆምህ፤ ሦስቱም ተስማሙ፤ ነገር ግን ከእውነት ርቀው ተስማሙ። ሁለተኛዋ ቁጥር ስህተት ነበረች፤ ስህተት ይታረማል። አንተ ግን ውሸት አደረግሃት።»

ምላሽ አልነበረኝም። ለዚያ ሥራ ዜሮ ሰጡኝ፤ ቅዳሜም ተመልሼ ያለ ማርክ እንድሠራው አዘዙኝ። ጠርሙሱን በጨው ስፈትነው 0.0925 ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከልኩ ያራቀኝ ያፈርሁባት ቁጥር አልነበረችም፤ ሳልመረምር ያመንሁት ጽሑፍ ነበር። ትንሿን ነውር ለመሸፈን ስደክም ትልቁ ስህተት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሎርድ ሬይሊ ስለሚባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ አነበብሁ። እኚህ ሰው ናይትሮጅንን ሲመዝኑ፥ ከአየር የተገኘው በሊትር 1.257 ግራም ያህል፥ ከአሞኒያና ከሌሎች ውሑዶች የተገኘው ግን 1.251 ግራም ያህል ሆነባቸው። ልዩነቱ የግራም መቶኛ እንኳ አይሞላም። እኔ ብሆን ኖሮ ምላጭ ባነሣሁ ነበር። እርሳቸው ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ነገሩን በመጽሔት አውጥተው፥ ምክንያቱን የሚያውቅ ቢኖር ይንገረኝ ብለው ጠየቁ። ከዊልያም ራምሴይ ጋርም ሲመረምሩ፥ በ1894 በአየር ውስጥ ማንም ያላወቀው ጋዝ መኖሩን ገለጹ። ስሙ አርጎን ተባለ። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ አንድ እጅ ያህሉ እርሱ ነው። በ1904 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ያችን ትንሽ ልዩነት ፍቀዋት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አብረው በፋቁት ነበር።

ክረምት ሲሆን ወደ አገር ቤት ሄጄ የሆነውን ሁሉ ለአባቴ ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፥ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ጊደሯ የተሸጠችው ለዚህ ከሆነ አልከሰርሁም» አሉኝ። በኋላ እኔም መምህር ሆንሁ። በማስተምርበት ዘመን ሁሉ፥ ቁጥሩን በአንድ መስመር ሰርዞ ምክንያቱን በአጠገቡ የጻፈውን ተማሪ ማርክ ቀንሼበት አላውቅም።

ወጣት ሆይ፥ ነገ አንተ ሐኪም፥ ሒሳብ ያዥ፥ መሐንዲስ ወይም ዳኛ ትሆናለህ። በእጅህ መዝገብ ይኖራል፤ በመዝገቡም ውስጥ የምታፍርባት ቁጥር አትጠፋም። ያን ጊዜ ብትሰርዛት ሰርዛት፤ ነገር ግን ትነበብ። ጽሑፉንም ከማመንህ በፊት ጠርሙሱን ፈትን፤ ከሁሉ አስቀድመህ ደግሞ ራስህን ፈትን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።