የጥቢ ወራትና የተማሪዎቼ ስንኝ



መስከረም ጠብቶ እኛ ዘንድ ትክል ድንጋይ ጭቃው መጠጥ ሲል፣ ክረምቱን ሙሉ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ የከረመው ጋቢ ወጥቶ አጥር ላይ ይሰጣል። አመሻሽ ላይ ሲያጥፉት ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ቁርኣን ለሚቀራ ልጅ ደግሞ ሌላ ደስታ አለ። በክረምት እሳት ዳር ካልተደገፈ አልደርቅ የሚለው ሉሕ፣ አሁን ታጥቦ ግድግዳ ላይ ከተደገፈ ዞር ብለው እስኪመለሱ ይደርቃል፤ ከድስት ጥቀርሻና ከሙጫ የተበጠበጠው ቀለምም ሳይንጠባጠብ ቀጥ ብሎ ይጻፍበታል። ልጅ ሳለሁ ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት አስኳላ እመላለስ ነበር። ከአስኳላው ደብተር ይልቅ በሉሑ መድረቅ ነበር ልቤ የሚፈነድቀው።

ዛሬ አማርኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ተማሪዎቼን ስለ ወቅቱ ግጥም ጽፋችሁ አምጡ እላለሁ። አብዛኞቹ «ጸደይ» ብለው ይጀምራሉ። በአቆጣጠራችን ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል፤ አባቶች ጥቢ ይሉታል። ስሙ በዘፈኑም በፖስት ካርዱም ተዛውሮ ስለቀረ ልጆቹን አልወቅስም። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ግን ቅጠል ሲረግፍ ጽፋ መጣች። ከእንግሊዝኛ መጽሐፏ የወሰደችው የአውሮፓ መፀው ነው። እኛ ዘንድ ወሩ የሚፈካበት ነው፤ መጀመሪያ አደይ፣ ከዚያ ኑግ። ሁለቱም ቢጫ ስለሆኑ የከተማ ሰው ከሩቅ ሲያያቸው ሊያምታታቸው ይችላል፤ ኑግ የዘራ ሰው ግን አይሳሳትም።

ታዲያ ገጣሚ ምን ይጻፍ? የቁርኣን 26ኛው ምዕራፍ የተሰየመው በገጣሚዎች ነው፤ አሽ-ሹዐራእ። ከ227 አንቀጾቹ ስለ ገጣሚዎች የሚናገሩት የመጨረሻዎቹ አራቱ ናቸው። የማይሠሩትን በመናገራቸው ይነቀፋሉ፤ ያመኑና መልካም የሠሩ ግን ከነቀፋው ይለያሉ። አንዳንድ ወንድሞች ነቀፋውን ብቻ ይዘው ግጥምን በሙሉ ይጠላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለገጣሚው ለሓሳን ኢብን ሣቢት በመስጊዳቸው ሚንበር ያስቀምጡለት እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። በአገራችንም እንደ ሸይኽ ጦልሓ ጀዕፈር ያሉ የወሎ ዑለማኦች መንዙማቸውን በአማርኛ ገጥመው በዐጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል፣ ጽፈው አቆይተውልናል። (የመንዙማ ነገር ከተነሣ፣ መውሊድ በ2016 መስከረም 16፣ በ2017 ደግሞ መስከረም 5 ቀን ውሎ፣ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከአደይ አበባ ጋር ተገናኝቶ ነበር። የሒጅራው ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ከዚያ በኋላ ወደ ክረምቱ ገብቷል፤ ዞሮ አደይን እስኪያገኝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይፈጃል።)

ለአማርኛ አስተማሪ ግን ያቺ ነቀፋ ራሷ ትልቅ ትምህርት ናት። «ያልነካችሁትን አትጻፉ» እላቸዋለሁ። የሱብሒ ውዱእ ውሃ ጣት ሲያደነዝዝ፣ የበቆሎ እሸት ፍም ላይ ሲንጣጣ፣ የባቄላ እሸት ሲፈለፈል ጥፍር ሥር የሚቀረው አረንጓዴ፤ እነዚህን ጻፉ። ተራ ነገር ነው ብሎ የሚያፍር ካለ፣ በሱረቱ አር-ረሕማን ከአላህ ጸጋዎች መካከል እህል ከነገለባው መጠቀሱን አስታውሰዋለሁ።

ከተማችን ወደ ሳንጃና ወደ ሑመራ በሚወርደው መንገድ ላይ ናት። በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ቆላ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና አጨዳው ሩጫ ነው። ለብዙ ልጆች የደብተሩም የጫማውም ገንዘብ የሚገኘው ከዚያው ነው። ስለዚህ ግጥሙ ሲታዘዝ ከክፍሉ አንዳንድ ወንበር ባዶ ይሆናል።

ከነዚያ አንዱ ኅዳር ላይ ተመለሰ። ከስቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የሌሎቹ ግጥም ሲነበብ ቆይቶ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ እኔ ዘንድሮ እሸት አልበላሁም፤ አደይም አላየሁም። ምን ልጻፍ?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስለ ትናንሽ ደስታዎች ግጥም አምጡ ማለት፣ እሸቱ ደጁ ላለለት ሰው ብቻ የሚቀል ትእዛዝ ነው።

«የነካኸውን ጻፍ» አልኩት፤ ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ስድስት ስንኝ ይዞ መጣ። ሙቀቱንና ወባውን ያማርራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሁለቱም የሉበትም። የደረቀው ነዶ ሸራ ላይ ተገልብጦ ሲመታ፣ የሰሊጡ አወራረድ ቤታቸው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስለዋል። እናቱ ያሰጣችውን ብቅል ልታስገባ ስትሮጥ ይሰማዋል። ሊያግዛት ብድግ ይላል። ግጥሙ እዚያው ላይ ያበቃል።

ሁለት ቦታ ላይ ቤት አልመታም፤ አላረምኩትም። አንብቦ ሊቀመጥ ሲል ያቺ ቅጠል ያረገፈችው ልጅ፣ «እስቲ ድገመው» አለችው። ቆሞ ደገመው።