የዕዳዬ ደብተር

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከኮተቤ ወደ መገናኛ የምሄድበት መንገድ ሦስት ጊዜ ተቀየረ፡፡ መጀመሪያ ጣውላ በዱቤ የሰጠኝን ነጋዴ ሱቅ ሸሸሁ፡፡ ቀጥሎ የእቁባችንን ጸሐፊ፡፡ በመጨረሻ ደመወዝ ያልከፈልኳቸውን ልጆች ዓይን ላለማየት ውስጥ ለውስጥ እሽሎከለክ ጀመር፡፡ አንድ ሕንፃ አሠሪ የበርና የመስኮት ሥራ ካስረከብኩት በኋላ ገንዘቤን ይዞ ቀርቷል፤ የእንጨት ዋጋም በየወሩ ይንር ነበር፡፡

አንድ ማለዳ ስልኬን ዘግቼ ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳለው ተራራ ወጣሁ፡፡ ከባሕር ዛፉ መሐል እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘሁ፡፡ አንዷ ሸክሟን አውርዳ እንደገና ጠፈረችና «ወንድሜ፣ እስቲ አሸክመኝ» አለችኝ፡፡ አሸከምኳት፡፡ ክብደቱ አስደነገጠኝ፤ እሷ ግን ስንት እንጨት እንደተሸከመች ታውቃለች፡፡ እኔ የራሴን አላውቅም ነበር፡፡

ከዚያው ወርጄ ጠበቃ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ፡፡ «ዕዳህ ስንት ነው?» አለኝ፡፡ «ብዙ ነው» አልኩት፡፡ «ብዙ የሚባል ቁጥር የለም፤ ሂድና ጽፈህ አምጣ፡፡»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ዕዳም እንደዚያው ነው፡፡ በአገራችን ሕግ የኪሳራ ሥርዓት ለማንኛውም ባለዕዳ አልተዘረጋም፤ ለነጋዴ ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ እንዲህ ይል ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243ም በዚሁ ጸንቷል፡፡ ከዘመድ ተበድሮ ልጁን የዳረ የመንግሥት ሠራተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ «ከስሬያለሁ» ሊል አይችልም፡፡ እኔ ግን በንግድ መዝገብ የተመዘገብኩ፣ ዘጠኝ ሠራተኛ የማስተዳድር ነበርኩ፡፡ አዲሱ ሕግ ነጋዴው ጨርሶ ሳይወድቅ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ሥራውን መልሶ የሚያደራጅበትን መንገድም ከፍቷል፡፡ ሁሉም መንገድ የሚጀምረው ግን ከዚያው ደብተር ነው፤ የንብረት ዝርዝር፣ የሒሳብ መግለጫ፣ የአበዳሪና የተበዳሪ ስም ከነገንዘቡ መጠን፡፡

ሦስት ሌሊት ጻፍኩ፡፡ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብር ሆነ፡፡ ከሁሉም የከበደኝ የባንኩ መስመር ነበር፡፡ ለባንኩ ብድር መያዣ ያደረግሁት የታላቅ እህቴን ቤት ነው፡፡ ወዳጄ አልሸነገለኝም፡፡ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት፣ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቅ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል፡፡ ቤቱ የእሷ ስለሆነ የእኔ መክሰር አያድነውም፡፡

በዚያው ሳምንት አንድ ሰው መጣ፡፡ ትልቁን የመሰንጠቂያ ማሽን ያለ ደረሰኝ በጥሬ ገንዘብ ሊገዛኝ ፈለገ፡፡ ዋጋው የባንኩን ውዝፍ ይዘጋል፡፡ እህቴ ትድናለች፤ ጣውላ ነጋዴውና ልጆቹ ግን ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፡፡ ጠበቃውን ስጠይቀው ከኪሳራ በፊት ንብረት ማሸሽ ሽያጩን እንደሚያስፈርስ፣ በወንጀልም እንደሚያስጠይቅ ነገረኝ፡፡ እውነቱን ልናገርና፣ ሕጉ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሸጠው ነበር፡፡

እህቴ ዘንድ ሄጄ ደብተሩን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ፡፡ «እትዬ፣ ቤቱ ሊሄድ ይችላል» አልኳት፤ ስለ ማሽኑም ነገርኳት፡፡ ጣቷን በየስሙ ላይ እያሳለፈች ቀስ ብላ አነበበች፡፡ «እኒህ ልጆች ስንት ወር ሠርተውልሃል?» አለች፡፡

«ሦስት፡፡»

«ቤቱን ሳስይዝ አንተን አምኜ ነበር፡፡ ሌባ ሆነህ ብታድነኝ ምን አተረፍኩ?» አለችና ፊቷን አዞረች፡፡ እያለቀሰች እንደሆነ አውቃለሁ፡፡ በማግሥቱ አብረን ባንክ ሄደን የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም ማመልከቻ አስገባን፡፡

ድሮ ባለዕዳና አበዳሪ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር፤ ቁራኛ የሚለው ቃል ከዚያ ቀርቶልናል፡፡ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ለባለዕዳ የማይነካ ነገር ትቶለታል፤ የሚተኛበትን፣ የሚያበስልበትን፣ ፍርድ ቤቱ ለሦስት ወር ይበቃዋል ያለውን ስንቅና ገንዘብ፣ የሙያ መሣሪያውን፡፡ ይህን ስሰማ መጋዜን፣ መላጊያዬንና መሮዬን አሰብኩ፡፡ አባቴም በእነዚሁ ነበር የጀመረው፡፡

ማሽኑን በዝርዝሩ አንደኛ አድርጌ ጻፍኩ፡፡ ፋይሉን አዘጋጅቼ ልደታ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ፊት ስቀርብ ሠራተኛዋ ገጾቹን ቆጥራ «ተሟልቷል» አለችና ማኅተሟን አሳረፈችበት፡፡ የባንኩ መልስ ገና አልመጣም ነበር፡፡

ያን ቀን ማታ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በዋናው መንገድ፣ በጣውላ ነጋዴው ሱቅ በኩል ተመለስኩ፡፡ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር፡፡ ቆሜ ሰላም አልኩት፡፡