ትንሽ ወፍ፣ ትልቅ እንቁላል

የዶሮ እንቁላል የማያውቅ ሰው የለም። አሁን ግን ቁመቷ ከዶሮ የማይበልጥ፣ እንቁላሏ ግን የሰባት ዶሮ እንቁላል የሚመዝን ወፍ ወዳለችበት አገር እንሂድ።

አገሩ ኒው ዚላንድ ይባላል። ከአውስትራሊያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ትልልቅ ደሴቶች አሉት። እኛ የምንሄደው በሰሜኑ ደሴት ጫፍ ወዳለው፣ ኖርዝላንድ ወደሚባለው አውራጃ ነው። እዚያ ዋይፖዋ የሚባል ደን አለ። ካውሪ የሚባለው ዛፍ ይበቅልበታል። ከሁሉ የሚበልጠውን ዛፍ ለማቀፍ ስምንት ያህል ሰው እጅ ለእጅ መያያዝ አለበት። ወደ ደኑ የሚገባ ሰው ጫማውን ይቦርሻል፣ ሶሉንም ያጥባል። የካውሪን ሥር የሚገድል በሽታ በጭቃ ስለሚተላለፍ ነው።

ወፏ ኪዊ ትባላለች። ቀን ጉድጓዷ ውስጥ ተኝታ ትውላለች። የምትወጣው ሲመሽ ነው። ሊያያት የሚፈልግ ሰው ቀይ መብራት ያለው ባትሪ ይዞ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃል። ኪዊ አትበርም። ክንፏ ትንሽ ስለሆነ አይታይም፤ ጭራም የላትም። ላባዋ ፀጉር ይመስላል። የአፍንጫዋ ቀዳዳ በረጅሙ መንቆሯ ጫፍ ላይ ነው። መንቆሯን አፈር ውስጥ እየሰካች ትሉን በሽታው ታገኘዋለች።

የዚህ አውራጃ ሴት ኪዊ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ትመዝናለች። ወንዱ ከእሷ ያንሳል። እንቁላሏ ግን 430 ግራም ያህል ነው። ሰጎን 1 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ እንቁላል ትጥላለች፤ እሷ ግን ከ100 ኪሎ በላይ ስለሆነች አይከብዳትም። የኪዊዋ እንቁላል የሰውነቷ አንድ ስድስተኛ ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 10 ኪሎ ልጅ ብትወልድ ማለት ነው። እናቶች ይፍረዱት! መጣያዋ ሲደርስ እንቁላሉ ሆዷን ስለሚሞላው ምግብ የሚገባበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ሳትበላ ትቆያለች።

ከጣለች በኋላ የሚታቀፈው ወንዱ ነው። ዶሮ 21 ቀን ትታቀፋለች፤ እሱ ከ75 እስከ 90 ቀን ይታቀፋል። ከእንቁላሉ ግማሽ በላይ አስኳል ነው። ጫጩቱ ላባ ለብሶ ይወጣል። ወላጆቹ አያበሉትም እኮ! ሆዱ ውስጥ በቀረው አስኳል ሳምንት ያህል ይኖራል፤ ከዚያ ራሱ ትል ፍለጋ ይወጣል።

ታዲያ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው ከመምጣቱ በፊት በዚያ አገር የሚያጠባ የምድር እንስሳ የሌሊት ወፍ ብቻ ነበር። በ1880ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የበዛውን ጥንቸል እንዲበላ ተብሎ ስቶት የሚባል፣ የኛን ፋሮ የሚመስል ቀጭን አውሬ ከአውሮፓ መጣ። ስቶቱ ወደ ኪዊ ጫጩትም ዞረ። ጥበቃ በሌለበት ቦታ ከ100 ጫጩት የሚያድጉት 5 ያህል ብቻ ናቸው።

ትልቋን ኪዊ ደግሞ ውሻ ይፈጃታል። ደረቷ ጠንካራ አጥንት ስለሌለው አንድ ጊዜ ቢነክሳት ትሞታለች። በ1987፣ በዚሁ በኖርዝላንድ፣ ዋይታንጊ ደን ውስጥ አንድ ውሻ ብቻውን በጥቂት ሳምንት 500 ያህል ኪዊ እንደ ፈጀ ተገምቷል። አንድ ውሻ!

ከ1994 ጀምሮ ሠራተኞች እንቁላሉን ራሳቸው ይሰበስባሉ። በወንዱ እግር ላይ ትንሽ የራዲዮ መሣሪያ ያስራሉ፤ መታቀፉን በዚያ ያውቃሉ። እንቁላሉን በጥንቃቄ ወስደው በመሣሪያ ሙቀት ያስፈለፍሉታል። ጫጩቱ ከ1 ኪሎ ሲያልፍ ስቶትን በእግሩ ረግጦ መመከት ስለሚችል ወደ ደኑ ይመልሱታል። እንቁላሉ የተወሰደበት ወንድ ደግሞ ከጉድጓዱ ወጥቶ ትሉን ይለቅማል። ሴቷም በዚያው ወራት እንደገና ልትጥል ትችላለች።