ለአንድ ጥማድ 3 ኢንች ለምኔ?

ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ይዘጋል። ጣርማበር ደግሞ ይብሳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነዋ! ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎውን ሸምቶ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ግን ሌላ አገር ገባ ማለት ነው። ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ሸዋ ሮቢት! ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከፍታዋ 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የይፋት ቆላ ሙቀት ገና ከመኪና ሳትወርዱ ይቀበላችኋል።

ብዙዎቻችን ይህችን ከተማ የምናውቃት በእስር ቤቷ ነው። ያሳዝናል! ሽንኩርቷን፣ ማሾዋን፣ ፓፓያዋን ማን ይንገርላት? በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደጇ ድረስ የገባባት ከተማ ዛሬም የምትኖረው በመሬቷና በወንዟ ነው።

ሮቢ ወንዝ በጋ ሲገባ ይሳሳል፤ ጀልባ የሚባል ነገር አታዩበትም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሐሚልተን የተባለ የኒውዚላንድ ገበሬ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥልቀት ለሌለው ወንዝ ብሎ የሠራው ጄት ጀልባ፣ ምስጢሩ ሲገለጥ ሞተር የተገጠመለት የውኃ ፓምፕ ነው። ከሥር ይስባል፣ ወደ ኋላ ይተፋል፣ ጀልባው ይፈተለካል። ፈረንጅ «ለጀማሪ የሚሆን ትንሽ ይሠራልን» የሚለው ለመዝናኛው ነው። የይፋት ወጣት ግን ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቀው ለእንጀራው ነው።

አንዱን ሻይ ቤት አገኘሁት። መርካቶ 4 ዓመት ተላላኪ ሆኖ ሠርቶ፣ ጥቂት ገንዘብ ቋጥሮ ወደ አባቱ አንድ ጥማድ መሬት ተመልሷል። «ወንድሜ፣ ውኃው ከማሳዬ ሥር ይሄዳል፤ እኔ ግን የሰው ሞተር እጠብቃለሁ» አለኝ። ሽንኩርቱ ሲደርስ ግማሹ የባለ ሞተሩ ነው። ግማሹ! ትንሽ ሞተር ሊገዛ ቢዞር ያገኘው ባለ 3 ኢንች ብቻ ነው፤ ገንዘቡ አይበቃውም።

አብረን ወደ አንድ ሱቅ ሄድን። «ጋሼ፣ ትንሹ የለም?» አለ ልጁ። ባለ ሱቁ ሳቁ። «ልጄ፣ ትንሹን ማን ይገዛኛል? ገበሬ የሚፈልገው ጉልበት ነው! ደግሞ አሸዋ ሲገባበት ቶሎ ይበላል። መለዋወጫውን ከየት ላምጣው?»

እስቲ እናስላው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው። በሙቀቱ ወራት ሽንኩርቱ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢፈልግ 15,000 ሊትር ይሆናል። በቦይ የሚባክነውን ቆጥረን እጥፍ እናድርገው፤ 30,000 ሊትር። ባለ 3 ኢንቹ በደቂቃ 1,000 ሊትር ያህል ስለሚተፋ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ቁጭ! ባለ 1 ኢንቹ በደቂቃ 100 ሊትር ቢሰጥ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ይፍጅበታ! ማሳውን ከፋፍሎ በተራ ማጠጣት ነው። ደግሞ 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ስላለ ማታ በትከሻ ይዞ ቤት መግባት ይቻላል።

«ጉልበት» የሚባለውም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። ውኃውን ወደ ፓምፑ ሽቅብ የሚገፋው የአየር ግፊት እንጂ የሞተሩ ትልቅነት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ፓምፕ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ከ6 ሜትር ብዙ ከሚርቅ ጥልቀት አይስብም።

የባለ ሱቁ ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። መለዋወጫ የሌለው ሞተር የቤት ጌጥ ነው። አምራቹም አስመጪውም ትንሹን ሲያቀርቡ ማጣሪያውንና መለዋወጫውን እዚሁ ሸዋ ሮቢት ያድርሱ እንጂ መርካቶ አያስቀሩት። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የመስኖ መሣሪያ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር፤ ያ ፈቃድ ለትልቁ ሞተር ብቻ አልነበረም። ነዳጅ የማይጠይቀው ትንሽ የፀሐይ ፓምፕም ለዚህ ፀሐይ የተፈጠረ ይመስላል!

ሌላም ስጋት አለ። ሁሉም ትንሽ ሞተር ከገዛ ከታች ላለው ገበሬ ምን ይተርፋል? ለዚህ መፍትሔው ድሃውን ከወንዙ ማራቅ ሳይሆን ተራ መጠበቅ ነው። የውኃ አባት የሚባል የቆየ ሥርዓት አለን እኮ!

እንግዲህ ወጣቶች፣ «አገሬ ገብቼ ልሥራ» የምትሉ ካላችሁ፣ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ማሳችሁን ለኩ፣ ከወንዙ ያለውን ከፍታ ለኩ፣ መለዋወጫ የት እንዳለ ጠይቁ። በትንሹ መጀመር አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ትንሹን መጀመሪያ መከልከል ነው።