የጨለቆት ዘውድና የእኛ ስስት

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በስደት ያለነው ደግሞ አባባሉን እንደ ክስ ቻርጅ ስናነበው ኖረናል። ዴንሃግ ለሰልፍ ስንወጣ፣ በየአዳራሹ ስንሰበሰብ፣ በፓልቶክ ስንከራከር የገዥዎቻችንን ሆዳምነት ሳንጠቅስ የተለያየንበት ቀን አይታወሰኝም። ክሱ እውነት ነው። ይሁንና ይህን ተረት ያወጣው ቤተ መንግሥት ሳይሆን ሹመት አግኝቶ የማያውቀው ሕዝብ ነው። ያልተሾመውም ሰው «እኔ ባገኘው ኖሮ» እያለ በልቡ ይበላል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ስስት ስጽፍ የማነሳው እነርሱን ብቻ አይደለም፤ እኛንም ጭምር ነው። ለዚህም ከዚሁ ከምንኖርበት አገር፣ ከሮተርዳም፣ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ።

አቶ ሲራክ አስፋው በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከደርግ ሸሽተው ሆላንድ የገቡ ኢትዮጵያዊ ናቸው። በሮተርዳም የሚገኘው ቤታቸው ለብዙ ስደተኛ ማረፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ እንግዳ ትቶት በሄደው ሻንጣ ውስጥ ዘውድ አገኙ። በወርቅ የተለበጠ፣ የሥላሴና የሐዋርያት ሥዕል የተቀረጸበት፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ዘውድ ነው። መቀሌ አጠገብ ያለችው የጨለቆት ሥላሴ ንብረት እንደሆነና ለቤተ ክርስቲያኒቱ የሰጧት ራስ ወልደ ሥላሴ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ኋላ ታወቀ። በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት ዘውድ ከሃያ አይበልጥም ይባላል።

አቶ ሲራክ ዘውዱ ወደ ኢትዮጵያ ካልሆነ በቀር ከቤታቸው እንደማይወጣ ወሰኑ። ሆኖም በዚያን ጊዜ ለነበረው መንግሥት ቢያስረክቡት ተመልሶ ይጠፋል ብለው ሰጉ። ስለዚህ ዝም ብለው አስቀመጡት፤ አንድ ሁለት ዓመት ሳይሆን ሃያ አንድ ዓመት። እ.ኤ.አ. በ2018 የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ጊዜው ደረሰ አሉና በ2019 የተዘረፉ ቅርሶችን በማፈላለግ የታወቀውን የአምስተርዳሙን አርተር ብራንድን አማከሩ። ነገሩ ዴንሃግ፣ የሆላንድ መንግሥት ዘንድ ደረሰ፤ የካቲት ወር 2020 ላይ ዘውዱ አዲስ አበባ ገባ።

ወሬው በተሰማ ሰሞን አምስተርዳም ላይ ከአንድ የማከብረው ወዳጄ ጋር ቡና ስንጠጣ ይህንኑ አነሳን። ወዳጄ ሌባ አይደለም፣ ጾሙን የሚጾም፣ ቤተሰብ የሚረዳ ሰው ነው። «ለአንድ ሰብሳቢ ቢሸጠው ኖሮ የስንት ዘመን ኪራይ ይወጣው ነበር!» አለኝና ማስላት ጀመረ። አልተቀየምኩትም። ነገር ግን ስስት በምን ቋንቋ እንደሚናገር ያን ዕለት በደንብ ገባኝ። ስስት «ስረቅ» ብሎ አይመጣም። ሒሳብ እያሰላ ነው የሚመጣው። «ልጆችህ ይማሩበታል፣ እናትህ ትታከምበታለች፣ አንተ ባትወስደው ሌላው ይወስደዋል» ይላል። አዲስ አበባ ላይ የሕዝብ መሬት የሚቸበችበው ባለሥልጣንም የሚያሰላው ይህንኑ ሒሳብ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ አካንን ማስታወሱ አይቀርም። ኢያሪኮ ስትወድቅ አካን አንድ ያማረ ካባ፣ ሁለት መቶ ሰቅል ብርና ሃምሳ ሰቅል የሚመዝን ወርቅ አይቶ ጎመጀ፤ ወስዶም በድንኳኑ ውስጥ ቀበረው። ከዚያ በኋላ እስራኤል በትንሿ በጋይ ከተማ ተሸነፈ፤ ሠላሳ ስድስት ሰው ወደቀ። አንድ ሰው በጓዳው የሸሸገው ነገር ሠራዊቱን ሁሉ አዋረደ ማለት ነው።

አካንም ሸሸገ፣ አቶ ሲራክም ሸሸጉ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? አካን የሸሸገው የእኔ ነው ብሎ ነው። አቶ ሲራክ ደግሞ ባለቤቱ እስኪመጣ ብለው ነው። ይህንን ቋንቋችን በአንድ ቃል ይለዋል፤ አደራ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኔ እንደሚገባኝ ከሆነ ክርስትና ለስስት የሰጠው መድኃኒትም ይኸው ነው። ድህነትን አይሰብክም፤ ወርቅንም አይረግምም። በእጅህ ያለው ሁሉ፣ ደመወዝህም ልጆችህም ሥልጣንህም ሳይቀሩ፣ ባለቤት ያለው አደራ ነው ይላል። አደራ የያዘ ሰው «ለእኔ ስንት ያወጣል?» ብሎ አይጠይቅም። «የማን ነው? መቼ ላስረክብ?» ይላል እንጂ።

ይህንን ጥያቄ ገዥዎቻችን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ አገራችን ሌላ ትሆን ነበር። ግሎባል ፋይናንሻል ኢንተግሪቲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከኢትዮጵያ 11.7 ቢሊዮን ዶላር በሕገ ወጥ መንገድ መውጣቱን ገልጿል። በ2008 ደግሞ ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ ሲፈተሽ የተለበጠ ብረት ሆኖ መመለሱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ወገኖቼ፣ ሁለቱን ልብጦች አስተያዩዋቸው! የጨለቆትም ዘውድ ሲፋቅ መዳብ ነው። ክብሩ የጸለዩበት ሰዎች ነው። የባንኩ ብረት ግን የተለበጠው ለማታለል ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። «ሌባ!» ብሎ መጮህ ሌብነትን ያጋልጣል፤ የጮኸውን ሰው ግን ከስስት አያነጻም። ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት መካከል የገንዘቡን ከረጢት ይዞ ይሰርቅ የነበረው ይሁዳ ነው፤ ለድሆች የተቆረቆረ መስሎ የተናገረውም እርሱ ነው። በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምም ሆነ በዴንሃግ ማኅበር መሥርተን፣ ለተፈናቀሉ መዋጮ ሰብስበን፣ ደብር ተክለን ኖረናል። አብዛኛው ገንዘብ በሐቅ ደርሷል። ሆኖም «ሒሳቡ ይነበብ» ያለ ሰው «ከፋፋይ»፣ ሲብስም «የወያኔ ሰላይ» የተባለበትን ስብሰባ ያልታዘበ ከመካከላችን ስንቱ ነው? አገር ቤት ያለው ኦዲተር እንዲከበር የምንጠይቅ ሰዎች በመቶ ዩሮ ሒሳብ የምንቀየም ከሆነ ነገ አገር ብንረከብ ምን ልናደርግ ነው?

ዘኬዎስ ቀራጭ ነበር፤ ማለትም ባለሥልጣን። ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ አላለቀሰም፤ ንግግርም አላደረገም። ከሀብቴ ግማሹን ለድሆች እሰጣለሁ፣ ያታለልኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መዳን ለዚያ ቤት ሆነ የተባለው ያን ጊዜ ነው። ንስሐው በሒሳብ ተገለጠ። ስስት ሲያሰላ ይመጣል ብዬ ነበር፤ የሚሸነፈውም በሌላ ስሌት ነው። ከደመወዝ ላይ አሥራቱን አስቀድሞ ማንሳት፣ የማኅበር ገንዘብ በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ እንዲወጣ ማድረግ፣ የዓመቱን ሒሳብ ሳይጠየቁ በጉባኤ ማንበብ፣ የተሳሳተ ብር ኪስ ከገባ በዚያው ሳምንት መመለስ፤ እነዚህ ሁሉ ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ሃያ አንድ ዓመት አደራ የሚጠብቅ ሰው ግን በአንድ ሌሊት አይፈጠርም፤ በእነዚህ እየተገራ ነው የሚመጣው።

በዚያ ሁሉ ዘመን ለአቶ ሲራክ ደመወዝ የከፈላቸው፣ ያጨበጨበላቸውም አልነበረም። የሚያያቸው አንድ እግዚአብሔር ነበር። እኛም ማንም በማያየን ቦታ፣ በየጓዳችን ባለው ሻንጣ ፊት አደራ ጠባቂ እስካልሆንን ድረስ፣ ነፃ የምናወጣው አገር ተመልሶ የሚዘረፍ አገር ነው።

አምላካችን ከስስት ይጠብቀን። ኢትዮጵያን ይባርክ!