ከሜትር የተቆረጠ አደይ

የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ በቤታችን ደጃፍ ሳይቆም አለፈ። አባቴ በሐምሌ ዐርፎ፣ አርባው በነሐሴ ወጥቶ፣ እናቴ ጥቁሯን እንደ ለበሰች ነበርና የሰፈሩ ልጃገረዶች «አበባየሆሽ»ን ከጎረቤት ጀምረው ከእኛ አጥር ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ማን እንደ መከራቸው አላውቅም። አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ ወይ ምክሩን አልሰማ፣ ወይ አላስቻለው፣ በበሩ ሥር አንዲት ወረቀት አሾልኮ ሮጠ። ዓይንና አፍ ያላት ፀሐይ፣ ከሥሯም አንድ ትልቅ አበባ። መስመሩ የፎቶ ኮፒ ነው፤ የልጁ እጅ ያረፈበት ቀለሙ ላይ ብቻ ነው።

ወረቀቷን ይዤ ብዙ ቆየሁ። እኔም አንድ ጊዜ እንቁጣጣሽ አዟሪ ነበርሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ ከሚወስደው ሰፊ ጎዳና ገባ ብሎ፣ በአንድ የብትን ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ከአንዲት ጥቁር ሲንጀር ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጧል። እኩዮቼ በባለ ቀለም እርሳስ ሲሥሉ እኔ ከእግሩ ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅሜ በዱቄት ሙጫ ወረቀት ላይ እለጥፍ ነበር። ሥዕል ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። አባቴ ግን በየዓመቱ የመጀመሪያው ገዢ እርሱ ነበር፤ አንድ ብር ከፍሎ፣ ሥራውን ከሲንጀሯ በላይ በመርፌ ሰክቶ እስከ መስቀል ድረስ ያቆየዋል።

ይህ ነገር «ኮላጅ» የሚባል ስም እንዳለው ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ፒካሶና ብራክ እ.ኤ.አ. በ1912 ጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት በሥዕላቸው ላይ መለጠፍ እንደ ጀመሩ ሳነብ ይበልጥ የገረመኝ ቃሉ ነበር። ኮላጅ የመጣው መለጠፍ የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ግሥ ነው፤ አናጢዎቻችን «ኮላ» የሚሉትም ከጣልያንኛ የወረስነው ሲሆን የሁለቱ ሥር አንድ ነው። ከእኛው አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ ስሜ አለ። ቁልፍን፣ ክርን፣ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦንና የኮምፒዩተር አካልን ትልልቅ ሥዕል ያደርጋቸዋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየምም በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። የቁልፍ ሥራዎቹን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር የአባቴ የቁልፍ ቆርቆሮ ይታወሰኝ ነበር።

የበረንዳው ባለቤት ቦታውን እንድንለቅ ስለ ጠየቁን በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ዕቃውን ወደ ቤት አመጣሁ። ሣጥኑን ስከፍት የጠመኔና የማሽን ዘይት ሽታ ወጣ። የዘመኑን መለወጥ በእነዚህ ቁርጥራጮች እንደ ገና ልሠራው አሰብሁ።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለግጥም ወዳጆች አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። በመስከረም «ፀደይ መጣ» ብዬ ያልጻፍሁበት ዓመት የለም። በአገራችን የወቅት አቆጣጠር ግን ክረምት እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ በ26 የሚገባው መፀው ነው፤ ዘመነ ጽጌም የሚጀምረው በዚሁ ቀን ነው። ፀደይ የምንለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ነው። የፈረንጆቹን የአበባ ወራት «ፀደይ» ብለን ተርጉመን በመስከረም ላይ ለጠፍነው፤ «አደይ» እና «ፀደይ» ቤት መምታታቸው እንደ እኔ ላለው ገጣሚ ፈተና ነው። በሐዋሳ ነገሩ ይብሳል። ከተማችን ሌላም ዘመን መለወጫ አላት፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበው የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ። ቀኑን አያንቶዎች ከዋክብትን ተመልክተው ስለሚያበስሩ በታተመ የቀን መቁጠሪያ አይታሠርም። ለሁለቱም በዓል አባቴ ሌሊት ይሰፋ ነበር። «ሰው አዲስ ልብስ ሲያምረው ነው ዘመን የሚለወጠው» ይል ነበር፤ ክርክሩን በዚህ ይዘጋዋል።

ሥራውን ስድሳ በሰማንያ በሆነ ኮምፔንሳቶ ላይ ጀመርሁ። ሰማዩን ከተማሪ ዩኒፎርም ግራጫ ቁራጭ፣ የታቦርን ኮረብታ ከካኪ ሠራሁ። ሐይቁን ለመሥራት ሦስት ጊዜ አፈረስሁ። በመጨረሻ የኮት ገበር ሆነልኝ፤ አሞራ ገደል ቆመው ሐይቁን ያዩ ሰዎች እንደሚያውቁት ውኃው በተመለከቱት ቁጥር ቀለሙን ይለውጣል፣ ገበርም እንዲሁ ነው። አደዩ ግን አስቸገረኝ። ከገበያ የገዛሁትን እርጥቡን ብለጥፈው በሁለት ቀን ጠቁሮ ጨርቁን አበላሸው። ሁለተኛውን እስር በጋዜጣ መሐል አድርጌ፣ የአባቴን የከሰል ካውያ ጭኜበት አደረቅሁት፤ እርሱም ሲለጠፍ ተፈረፈረ። ከሣጥኑ ቢጫ ጨርቅ ብፈልግ የለም። የወንድ ልብስ ሰፊ በቢጫ ምን ይሠራል?

ቢጫ የነበረው ሜትሩ ብቻ ነው። ዘወትር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት፣ ጫፎቿ የተላጡ፣ 150 ሴንቲ ሜትር። መቀሱን ይዤ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳልቆርጥ አደርሁ። በማግስቱ ቆረጥኋት። በየቅጠሉ ላይ ቁጥሮቹ ቀሩ፤ አንዱ 37፣ አንዱ 92። በአበባዎቹ መሐል ቁልፎች ለጠፍሁ።

ከሣጥኑ ግርጌ ያገኘሁትን ወረቀት ነገር እስካሁን ሳልናገር የቆየሁት በቸልታ አይደለም።

ሰልባጅና የተዘጋጀ ልብስ የአባቴን ገበያ ከወሰዱት ቆይተዋል። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ብዙ ወጣቶች ስፌት ተቀጠሩ። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ እንደምትሰፋ ስትነግረው አባቴ «ታዲያ ሰውየውን መቼ ታዪዋለሽ?» ብሎ ነበር። ቢሆንም የማሽኖቹ ፍጥነት ልቡን ሰርቆታል። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ረፋድ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ወረፋ ጠብቆ ከእኔ መስኮት ደረሰ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና መግዣ ብድር ፈለገ። የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ ዋስትና የሚሆን ነገር እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከኋላው ሰው ቆሟል፣ ኃላፊዬ ያያል። ቤት ውስጥ «አባባ፣ አንተ» የምለውን ሰው «ይህን ቅጽ ሞልተው ያምጡልኝ» አልሁት። አባቴ ቅጹን አጣጥፎ «እሺ ጌታዬ» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። ማታ ስንገናኝ እርሱም አላነሣው፣ እኔም አላነሣሁትም።

ያገኘሁት ያንን ቅጽ ነው። ስሙን በዚያ በተዘናበለ ፊደሉ ሞልቷል። ሥራ በሚለው ቦታ «ልብስ ሰፊ» ይላል። የብድሩ መጠን ባዶ ነው።

በኮምፔንሳቶው ግርጌ፣ አፈሩ በሚሆንበት ቦታ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ለጠፍሁት። በመጀመሪያ ገልብጬ ልለጥፈው ነበር፤ እጄን የመለሰው ምን እንደ ሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ሥራው በጥቅምት መግቢያ አለቀ። ለእናቴ ሳሳያት እንደ እኔ አልተመለከተችውም። አበባም ሐይቅም አላየችም፤ ጣቷን በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ እያሳረፈች «ይኼ የጋሽዬ የሠርግ ሱሪ ነው… ይኼ የመምህሩ ኮት ገበር… ይኼ ያንተ ዩኒፎርም» አለች። ከቅጹ ስትደርስ መዳፏን አሳርፋ ቆየች። «የእሱ ጽሑፍ ነው» አለችና አለፈች።

«ሜትሩን ቆረጥከው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ዝም አለች። ከዚያ አንደኛውን ቁልፍ ነካ ስታደርገው ተላቅቆ እጇ ላይ ቀረ።

«ቁልፍ ይሰፋል እንጂ ይለጠፋል? የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነህ!»

መርፌ አምጣ አለችኝ። አመጣሁ። ክሩን እንዳስገባላት ሰጠችኝ፤ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ከጥቅሉ ጥቁር ክር ስመዝዝ አይታ «ተወው እሱን» አለች። «ቢጫ የለም?»

በአባቴ ሣጥን ውስጥ ቢጫ ክር አልነበረም። ሱቆች ሳይዘጉ ልድረስ ብዬ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ፤ መፀው ገብቶም ሐዋሳ ገና ይዘንባል።