የጥንድ ጨዋታ ጓደኛ

በዚህ የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድ ላይ የሜዳ ቴኒስ ነገር ምን አመጣው የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ብሆን ራኬት ጨብጬ አላውቅም። ልጄ ግን ጨዋታውን ስለወደደች ከሥራ መልስ አጠገቧ ተቀምጬ በቴሌቪዥን ማየት ለመድኩ። ከነጠላው ይልቅ ቀልቤን የሳበው ጥንዱ ነው። አንዷ ከኋላ ሆና ኳሱን ስታስጀምር ሌላዋ መረቡ አጠገብ ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች፤ እጇንም ወደ ጀርባዋ አዙራ ወዴት እንደምትንቀሳቀስ በጣቶቿ ምልክት ትሰጣለች። ያን ምልክት ጓደኛዋ እንጂ ተቃራኒዎቹ አያዩትም።

ስለ ጥንድ ተጫዋቾች ካነበብኩት ሁሉ ከልቤ የገባው የዚምባብዌያዊቷ የካራ ብላክ ታሪክ ነው። (ስለ ጨዋታው የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ካራ በ1979፣ ያን ጊዜ ሳልስበሪ ትባል በነበረችው ሐራሬ ተወለደች። አባቷ ዶን ብላክ በዊምብልደን የተጫወተ ሰው ስለነበረ በመኖሪያቸው የሣር ሜዳ አበጅቶ ሴት ወንድ ሳይል ሦስቱንም ልጆቹን አሠለጠናቸው። ባይረንና ዌይን የተባሉት ወንድሞቿም ስመ ጥር ሆኑ። ካራ ቁመቷ 1.67 ሜትር ነው፤ በነጠላ ጨዋታ ከ31ኛ ደረጃ በላይ አልወጣችም። በመረቡ አጠገብ ግን እጇን የሚቀድም ኳስ እምብዛም አልነበረም። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች በሴቶች ጥንድ አምስት፣ በወንድና ሴት ድብልቅ ደግሞ ሌላ አምስት ዋንጫ ወስዳለች። በ2002 በፈረንሳይ፣ በ2004 በዊምብልደን ያሸነፈችው ከወንድሟ ከዌይን ጋር ሆና ነበር። በጥንድ ጨዋታ የዓለም አንደኛ ሆና የቆየችውም 163 ሳምንት ነው።

ከሴቶቹ ጥንድ ድሎቿ አራቱን ያገኘችው በደቡብ አፍሪካ ተወልዳ ኋላ አሜሪካዊት ከሆነችው ከሊዝል ሁበር ጋር ነው። በ2010 ግን ሁለቱ ተለያዩ። በዚህ ጨዋታ ነጥብና ደረጃ የሚያዘው በጥንድ ሳይሆን በግል ስለሆነ፣ ማንም ማንን ትቶ ቢሄድ ከልካይ የለውም። በውድድር የተገኘ ነጥብም 52 ሳምንት ከሞላው ይሰረዛል። እንግዲህ ለመውለድ ከሜዳ የራቀች ሴት ስትመለስ ምን ይጠብቃታል?

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። በሒሳብ ክፍል ስሠራ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ስድስት ዓመት ተጣምረናል። እሷ ሰነዱን ታዘጋጃለች፣ እኔ አመሳክሬ እፈርማለሁ። የቁጥር ስህተት ስታገኝ እስክርቢቶዋን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ ታንኳኳ ነበር፤ ለአለቃችን ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው። በሕጉ መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ወጣች። በምትኳ የመጣችው ወጣት ፈጣን ነበረች፤ ልጅ ታመመብኝ ብላ አትቀርም፣ ለምን ልዋሽ፣ ተመቸችኝ። ፈቃዱ አልቆ ጓደኛዬ ስትመለስ አለቃችን ጠርቶ «ከማንኛዋ ጋር መሥራት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። እኔ፣ ሁለት ልጆች ያሳደግሁት እናት፣ «ከአዲሷ» አልኩ። ጓደኛዬ መዝገብ ቤት ተመደበች። ደመወዟ አልተነካም፤ ይህንንም ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ካራ ብላክ በ2012 ወንድ ልጅ ወለደች። በጥር 2013 ከአናስታሲያ ሮዲዮኖቫ ጋር ሆና ኦክላንድ ላይ ዋንጫ አነሣች። በዚያው ዓመት የሕንዷ ሳንያ ሚርዛ አብራት ለመጫወት ወሰነች። ሳንያ ከእሷ ሰባት ዓመት ያህል ታንሳለች፤ ከእኩዮቿ መካከል ልጅ የሌላት ጓደኛ ማግኘት ትችል ነበር። እሷ ግን የ34 ዓመቷን እናት ይዛ ቶኪዮና ቤጂንግ ላይ አሸነፈች። በጥቅምት 2014 በሲንጋፖር፣ በዓመቱ መዝጊያ ውድድር ፍጻሜ፣ የቀደመውን ዓመት ባለድሎች ፔንግ ሹዋይንና ሺዬ ሱ-ዌይን 6 ለ 1 እና 6 ለ 0 ረቱ። ካራ ያን ጊዜ 35 ዓመቷ፣ ልጇ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሳንያም ቢሆን በ2018 ወልዳ፣ በጥር 2020 በተመለሰችበት በመጀመሪያው ውድድር፣ ሆባርት ላይ፣ በጥንድ አሸንፋለች።

የሴቶች ቴኒስ ማኅበር ለተጫዋቾቹ እስከ 12 ወር የሚደርስ የተከፈለ የወሊድ ፈቃድ ያስታወቀው በ2025 ነው። ካራ አልደረሰችበትም። ፈቃድስ ጥሩ ነው፤ ጓደኛዬም ፈቃዷን አላጣችም። ያጣችው መመለሻ ወንበሯን ነበር፣ እሱን ደግሞ የነሣኋት ሕጉ ሳይሆን እኔ ነኝ።

የሲንጋፖሩን ጨዋታ ታሪክ ያነበብኩ ሰሞን መዝገብ ቤት ወርጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሳትቆጣ ሰማችኝ። «አውቅ ነበር» አለችኝና ፋይሏን መደርደር ቀጠለች። ወደ ክፍላችን እንድትመለስ ለአለቃችን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ መልሱ ገና አልመጣም። እሷ ራሷ መመለስ ትፈልግ እንደሆነም እስካሁን አልነገረችኝም። ምሳዋን ከመዝገብ ቤት ሴቶች ጋር ትበላለች።